ሃይ ቼር ወይስ ቡስተር? ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ የሕፃን መመገቢያ ወንበር አመራረጥ

ልጅ ስድስት ወር ሊሞላው ሲል የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ረጅሙን ሃይ ቼር ልግዛ ወይስ ያቺን ትልቅ ወንበር ላይ ምትታሰረዋን ቡስተር? እኔ መልሼ ምጠይቀው እናንተ ቤት ምግብ የት ቁጭ ተብሎ ነው ሚበላው ብዬ ነው። ይስቁብኛል ግን ወሳኙ እሱ ነው። ደሴ ውስጥ ስንት ቤት አለ ሳሎኑ ዙሪያውን አረቢያን መጅሊስ የሆነ፣ ምግብ ሲደርስ መሀል ላይ ትሪ ወይ አጭር ጠረጴዛ ይቀርብና ሁሉም እግሩን አጣጥፎ ይከባል፣ እዛ ቤት ውስጥ መቀመጫው ከመሬት ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሃይ ቼር ሲገባ ልጁ ከቤተሰቡ በላይ ብቻውን ተሰቅሎ የአባቱን መላጣ እያየ ነው ሚበላው፣ እናትየዋ ደግሞ በየጉርሻው ብድግ ቁጭ ስትል የራሷ ምግብ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ቆይቶ ወንበሩ ልብስ መስቀያ ይሆናል፣ ከዛ "ሃይ ቼር እኮ ምንም አይጠቅምም" ይባላል። ወንበሩ ምን በደለ።

ስለዚ መጀመሪያ ቤታችሁን እዩ። ዳይኒንግ ጠረጴዛ ካላችሁና በየቀኑ እሱ ላይ ምትበሉ ከሆነ (እንግዳ ሲመጣ ብቻ ልብሱ ሚነሳለት ጠረጴዛ አይቆጠርም) ቡስተር በደንብ ይበቃችኋል፣ ቦታ አይዝም፣ ብዙ ጊዜ ዋጋውም ከሃይ ቼር ያንሳል፣ ዘመድ ቤት ስትሄዱም አንጠልጥላችሁት መሄድ ነው። ሶፋና ዝቅ ያለ የመስታወት ጠረጴዛ ብቻ ያለበት ቤት ከሆነ ግን ቡስተሩን ምታስሩበት ወንበር የላችሁም፣ ሶፋ ላይ ቡስተር አይታሰርም፣ ይሰምጣል ይጋደላል፣ ስለዚ ራሱን ችሎ ሚቆም ባለ ትሬይ (ልጁ ፊት ለፊት ምግቡ ሚቀመጥበት ገበታ) ወንበር ነው ምትፈልጉት። መጅሊስ ወይ ምንጣፍ ላይ ምትበሉ ደግሞ ልጁ እግሩ መሬት ሚነካባት አጭር ወንበር ፈልጉ። አሁን አሁን እግሩ ሚፈታ ሃይ ቼር አለ፣ ረጅሙን እግር ስትነቅሉት አጭር ወንበር ይሆናል፣ ለወሎ ቤት ከዚ የተሻለ አላየሁም፣ ቀን እናት ወጥ እየሰራች በዓይኗ ደረጃ ታስቀምጠዋለች፣ ማታ ሰው ሲሰበሰብ እግሩ ተፈቶ ከሁሉም ጋር እኩል ይቀመጣል። አንዳንድ ቡስተርም ታቹ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ መሬት ላይ ብቻውን ይቆማል፣ ግን ካርቶኑ ላይ ወይ መመሪያው ላይ መሬት ላይ ሆኖ የተሳለበት ስዕል ካለው ነው።

አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ምትኖሩ ከሆነ ሚታጠፍ እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ሚታጠፍ ጥሩ ነው፣ ብቻ ስትዘረጉት ቋ ብሎ ሚቆለፍ መሆን አለበት፣ ከዘረጋችሁት በኋላ ሁለቱን እግር ይዛችሁ ለማጠፍ ሞክሩ፣ ቁልፉን ሳትነኩት ከታጠፈ እሱ ወንበር ልጅ ተቀምጦበትም ይታጠፋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽንም ሚሉት አንድ ነው፣ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ምግብ ጡት ሳይቋረጥ። ግን ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ቀኑ መሙላቱ ብቻ አይበቃም። ጭንቅላቱን ቀጥ አርጎ ይይዛል ወይ፣ መሬት ላይ ስታስቀምጡት ትንሽ ደገፍ ተደርጎ ወይ ራሱን ችሎ ይቀመጣል ወይ፣ ማንኪያ ሲመጣ አፉን ይከፍታል ወይስ በምላሱ ገፍቶ ያወጣዋል፣ እነዚን ነው ምታዩት። ዙሪያውን በትራስ ተጠቅጥቆ ካልሆነ ሚንጋደድ ልጅ ገና ነው፣ ሁለት ሳምንት ብትታገሱት ምንም አይሆንም። ወደ ኋላ ሚጋደም ሃይ ቼርም አለ፣ ሻጮች "ከተወለደ ጀምሮ ይሆናል" እያሉ በውድ ይሸጡታል፣ ተጋድሞ ገንፎ ሚበላ ልጅ ግን የለም፣ ምግብ ሲሰጠው ቀጥ ብሎ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ትን ሚለው ሲጋደም ነው። ስለዚ ለዛች መጋደሚያ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2010 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ያለውን የድንገተኛ ክፍል መረጃ ያየ ጥናት አለ፣ በዓመት በአማካይ ወደ 9,400 ሚሆኑ ሦስት ዓመትና ከዛ በታች ያሉ ልጆች በሃይ ቼርና በቡስተር ምክንያት ተጎድተው ሆስፒታል ሄደዋል፣ ከነሱ ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላይ የወደቁ ናቸው፣ አብዛኞቹም ሊወርዱ ሊወጡ ወይ ወንበሩ ላይ ሊቆሙ ሲሉ ነው። ለኛ ሚጠቅመን ነገር ምንድነው፣ ብዙው አደጋ ልጁ ስላልታሰረ ወይ ቀበቶው በደንብ ስላልያዘው ይመስላል። ስለዚ ቀለሙንና የተሳለችበትን ድብ ትታችሁ ቀበቶውን እዩ።

ቀበቶው ሁለት ዓይነት ነው ብዙ ጊዜ፣ ባለ ሦስት ነጥብ ወገቡንና በሁለት እግሮቹ መሀል ሚይዘው፣ ባለ አምስት ነጥብ ደግሞ ትከሻውንም ሚጨምረው። ገና ተቀምጦ ላልጠና ልጅና ሊቆም ለሚታገል ልጅ ባለ አምስቱ ይሻላል። የትኛውም ይሁን በእግሮቹ መሀል ምታልፈዋ ግን የግድ ናት፣ እሷ ከሌለች ልጁ በትሬዩ ስር ተንሸራቶ ይወርድና አንገቱ ላይ ይያዛል፣ ይሄ ማስፈራራት አደለም፣ የሃይ ቼር ደረጃዎች ውስጥ በእግር መሀል ሚገባ መያዣ ግዴታ የተደረገው በዚ ምክንያት ነው። ወገቡን ብቻ ሚያስር ቀበቶ ያለው ወንበር አትግዙ። "ትሬዩ እኮ ይይዘዋል" ሚል ሻጭ አለ፣ ትሬይ ምግብ ነው ሚይዘው፣ ልጅ አይይዝም።

ክሊፑን ሱቁ ውስጥ ዝጉት ክፈቱት፣ በአንድ እጃችሁ ሞክሩት ምክንያቱም ሌላው እጃችሁ ሁሌ ልጁን ነው ሚይዘው። በጣም ቀላል ከሆነ የአንድ ዓመት ተኩሉ ልጅ ይፈታዋል፣ በጣም ከባድ ከሆነ ደግሞ እናንተ መዝጋት ትተዋላችሁ። ደሴ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ሹራብ በሹራብ ተደራርቦባቸው ነው ሚቀመጡት፣ ረፋድ ላይ ጃኬቱ ሲወልቅ ቀበቶው ላላ ብሎ ይቀራል። ስለዚ ቀበቶው በቀላሉ ሚረዝም ሚያጥር መሆኑን እዩ፣ ሲታሰር ደግሞ በቀበቶውና በደረቱ መሀል ሁለት ጣት ብቻ ነው መግባት ያለበት።

እግሩ። የወንበሩን እግር ማለቴ ነው፣ ከታች ከመቀመጫው ሰፋ ብሎ ሚከፈት ይሁን፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሚወርድ ጠባብ እግር ያለው ወንበር ልጁ ወደ ጎን ሲያዘነብል አብሮት ያዘነብላል። ጎማ ያለው ደስ ይላል ግን እኛ ሰፈር ወለሉ ራሱ ተዳፋት ነው፣ ጦሳ ተራራ ስር ተሰርቶ ደልዳላ ወለል ያለው ቤት ያላችሁ ታድላችሁ። ጎማ ካለው ፍሬኑ በያንዳንዱ ጎማ ላይ ይኑር፣ ፍሬን የሌለው ከሆነ ተዉት። ሱቁ ውስጥ አታፍሩ፣ ወንበሩን ከኋላ ገፋ፣ ከጎን ገፋ እያደረጋችሁ ወዝውዙት፣ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር።

የልጁ እግር ደግሞ ሌላው ነው፣ ሰው ሁሉ ሚረሳው፣ እኔ ግን ከቀበቶው ቀጥሎ ምመለከተው እሱን ነው። ርካሾቹ ሃይ ቼሮች አብዛኞቹ የእግር ማሳረፊያ የላቸውም ወይ ካላቸውም ለሦስት ዓመት ልጅ ነው ሚደርሰው። እናንተ ራሳችሁ ረጅም የባር ወንበር ላይ እግራችሁ ተንጠልጥሎ እንጀራ በወጥ ለመብላት ሞክሩ፣ ትንቀጠቀጣላችሁ፣ ትንሸራተታላችሁ፣ ሆዳችሁ ሳይሞላ መውረድ ትፈልጋላችሁ። ሕፃኑም እንደዛው ነው፣ እግሩ ከተደገፈ ወገቡ ይረጋል፣ ወገቡ ከተረጋ እጁና አፉ ሥራቸውን ይሰራሉ። ሲቀመጥ ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ቀጥ ባለ ማዕዘን ሚታጠፍበት ከሆነ ልክ ነው፣ ዘጠና ዲግሪ ምትሏት። "አይበላም፣ ሁለት ጉርሻ በልቶ ያለቅሳል" ከሚባሉት ልጆች ውስጥ ከእግሩ ስር የሆነ ነገር ሲደረግለት ቁጭ ብሎ ሚበላ አለ። ማሳረፊያ የሌለው ወንበር ከገዛችሁ ወይ ከተሰጣችሁ መጣል አይጠበቅባችሁም፣ የጣውላ ቁራጭ በሁለቱ የፊት እግሮች መሀል በጠንካራ ማሰሪያ ማሰር ይቻላል፣ ብቻ ልጁ እሱ ላይ ቆሞ መውጣት እንዳይችል ቀበቶው ሁሌ ይታሰር። መቀመጫው ሰፍቶበት ወደ ጎን ሚያዘነብል ከሆነ ደግሞ ፎጣ ጠቅልላችሁ በግራና በቀኝ ወገቡ አካባቢ ሸጎጥ አድርጉለት።

ትሬዩ ደረቱ ስር ሆኖ ክርኑን ሳያነሳ ሚያሳርፍበት ከፍታ ላይ ይሁን፣ አገጩ ጋ ሚደርስ ትሬይ ያለው ወንበር በጣም ብዙ ነው፣ ልጁ ምግቡን አያየውም እኮ። ትሬዩ ተነቅሎ ሚወጣ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ማዕዘኑ ውስጥ ገንፎ ሚደበቅበት ስንጥቅ የሌለው ይሁን። መጫወቻ ሚንጠለጠልበት፣ ሙዚቃ ምናምን ሚያሰማ፣ እሱን ተዉት፣ ባትሪው ከማለቁ በፊት እናንተ ናችሁ ምታልቁት።

ጣት ሚቆነጥጥ ነገርም አለ። ሚታጠፍበት መገጣጠሚያ፣ ትሬዩ ሚገባበት ሐዲድ፣ የብረት ቱቦው ጫፍ ላይ መዝጊያ ጎማው ወልቆ የቀረ ቀዳዳ። በአውሮፓ ደረጃ ለሕፃን ዕቃ አደገኛ ሚባለው ቀዳዳ ከ7 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያለው ነው፣ ጣት ገብቶ ሚያዝበት መጠን። የእስክሪብቶ ጀርባ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ ሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ያጠራጥራችሁ።

ስለ ቡስተር ደግሞ፣ ቡስተር ራሱ ጥሩ ሆኖ ምታስሩበት ወንበር መጥፎ ከሆነ ዋጋ የለውም። ቡስተሩ ሁለት ማሰሪያ አለው፣ አንዱ በወንበሩ መደገፊያ ጀርባ ሚዞር፣ አንዱ ከመቀመጫው ስር ሚያልፍ፣ ሁለቱም ታስረው መወጠር አለባቸው፣ አንዱን ብቻ አስሮ መተው የለም። ያቺ ለለቅሶና ለሠርግ ምትከራይ የፕላስቲክ ወንበር አትሆንም፣ ቀላል ናት ትለመጣለችም፣ ልጁ ጠረጴዛውን በእግሩ ሲገፋ ተያይዘው ነው ወደ ኋላ ሚሄዱት። መደገፊያ የሌለው በርጩማ አይሆንም፣ ሚታጠፍ ወንበር አይሆንም፣ ሚሽከረከር የቢሮ ወንበር አይሆንም። ከባድ የእንጨት ወንበር፣ መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ መቀመጫው ከቡስተሩ ሰፋ ያለ፣ እሱ ነው። ስፖንጅ ያለው ከሆነ አስራችሁ ስትጨርሱ ቡስተሩን ይዛችሁ ነቅንቁት፣ ስፖንጁ ሲረገጥ ማሰሪያው ይላላል። ቡስተር ከ6 ወር ልጅ ይልቅ በደንብ መቀመጥ ለቻለ፣ ወደ ዓመት ለሚጠጋው ነው በጣም ሚመቸው፣ ትከሻውንም ሚይዝ ቀበቶ ያለው ካገኛችሁ ግን ቀደም ብሎም ይሆናል።

ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሚነከስ፣ እግር የሌለው መቀመጫም ከውጭ ይመጣል። እኛ ጋ አልመክረውም። ለመስታወት ጠረጴዛ አይሆንም፣ መሀሉ ላይ አንድ እግር ብቻ ላለው አይሆንም፣ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አይነክስም ይንሸራተታል፣ እነዚን ስትቀንሱ ስንት ቤት ቀረ?

ዕቃው የት ይገኛል ለሚለው፣ ደሴ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ባሉት የሕፃናት ዕቃ ሱቆች ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፣ የመጀመሪያው ሱቅ ላይ አትግዙ፣ ዋጋ ይለያያል ክርክርም አለ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ከመምጣታችሁ በፊት እዛው ጠይቁ፣ ከመጣችሁ ደግሞ ካርቶኑን ሱቅ ውስጥ አስከፍታችሁ ብሎኖቹ፣ ቀበቶው፣ ትሬዩ ሁሉም መኖሩን ቆጥራችሁ ነው ሚኒባስ ላይ ምታስጭኑት፣ አንድ ብሎን ጎድሎ ቤት ደርሶ ማወቅ መመለሻ ትራንስፖርቱ ነው ሚያቃጥለው። ካርቶኑ ላይ ኢኤን 14988 (EN 14988) ወይ ኤኤስቲኤም ኤፍ 404 (ASTM F404) ሚል ቁጥር በላቲን ፊደል ካለ ጥሩ ምልክት ነው፣ የመጀመሪያው የአውሮፓ የሃይ ቼር ደረጃ ነው ሁለተኛው የአሜሪካ። ቁጥሩን ማተም ለማንም ቀላል ስለሆነ ግን ቁጥሩ ስላለ መወዝወዙን አትተዉ።

ከሳውዲና ከዱባይ በካርጎ ሚመጣ ያገለገለ ወንበርም በጣም አለ፣ እህቶቻችን ሲመለሱ ይዘውት ይመጣሉ ወይ አሠሪያቸው ሰጥቷቸው ይልኩታል፣ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ርካሽ ይበልጣል ጥራቱ። እዛ ላይ ምታዩት ቀበቶው ሙሉ መሆኑን ነው፣ ያገለገለ ላይ መጀመሪያ ሚጠፋው ቀበቶ ነው። ከጠፋ ቦርሳ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ጠንካራ የቦርሳ ማሰሪያና ክሊፕ ማስገጠም ይቻላል፣ ሲያስገጥሙ ግን ማሰሪያው በወንበሩ አካል ቀዳዳ ውስጥ አልፎ ይዙር፣ ፕላስቲኩ ላይ በቪቲ ብቻ ሚያዝ ከሆነ ይነቀላል፣ የእግር መሀሏንም እንዳትረሱ። ፕላስቲኩ ላይ ነጣ ያለ የስንጥቅ መስመር ካለ፣ በተለይ እግሩ ሚገባበት ጋ፣ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፣ ፀሐይ ላይ የቆየ ፕላስቲክ ሳያስጠነቅቅ ነው ሚሰበረው። ክብደቱንም እዩ፣ አብዛኛው ሃይ ቼር እስከ 15 ኪሎ ነው ሚችለው፣ ስሩ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ አናጺ ማሠራት። ደሴም ኮምቦልቻም እጁ የተባረከ አናጺ ሞልቷል፣ ችግሩ ስዕል አሳይታችሁት "እንደዚ ሥራልኝ ጋሼ" ብላችሁ ስትሄዱ የሚያምር ነገር ግን ለልጅ ማይሆን ነገር ይሰራላችኋል። ልኩን እናንተ ይዛችሁ ሂዱ። ልጁን መሬት ላይ ቀጥ አርጋችሁ አስቀምጡና ሦስት ነገር ለኩ፣ ከቂጡ ጀርባ እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ፣ ከጉልበቱ መታጠፊያ እስከ ተረከዙ፣ ከተቀመጠበት እስከ ክርኑ። የመጀመሪያው ሁለት ጣት ተቀንሶለት የመቀመጫው ጥልቀት ይሆናል፣ ሁለተኛው ከመቀመጫው እስከ እግር ማሳረፊያው ያለው ርቀት፣ ሦስተኛውን ከጠረጴዛችሁ ከፍታ ላይ ትቀንሱታላችሁ። ለምሳሌ ጠረጴዛው 75 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የልጁ ክርን ከመቀመጫው 17 ላይ ከሆነ መቀመጫው ከመሬት 58 ላይ ይሁን ማለት ነው። ለመጅሊሱ ጠረጴዛም ሒሳቡ ያው ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ያንሳል፣ ዝቅ ያለ ስለሆነም አናጺው ቢሳሳት እንኳ አደጋው ትንሽ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምታሠሩ ከሆነ በአጭሩ ጀምሩ።

ግን ልጅ ያድጋል፣ ዛሬ የለካችሁት ከስድስት ወር በኋላ አይሆንም። ለዚህ መላው ከ1972 ጀምሮ (በፈረንጅ) አለ፣ ኖርዌጂያዊው ዲዛይነር ፒተር ኦፕስቪክ ትሪፕ ትራፕ ሚባለውን ወንበር ሲያወጣ ሁለቱ የጎን እንጨቶች ላይ ከላይ እስከ ታች ትይዩ ጎድጓዳ መስመር አበጅቶ መቀመጫውም የእግር ማሳረፊያውም እየወጣ ሌላ መስመር ውስጥ ሚገባ አረገው፣ ልጁ ሲያድግ ሁለቱም ይወርዳሉ። አናጺያችሁ ይሄን ሐሳብ ስትነግሩት ወዲያው ይገባዋል፣ መደርደሪያ ላይ ሚሰራው ነገር ነው። መቀመጫውና የእግር ማሳረፊያው ገብተው በብሎን ሚጠብቁ ይሁኑ፣ በኮላና በምስማር ብቻ አይታመንም። ከታች ያለው እንጨት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ከመቀመጫው አልፎ ይርዘም፣ እዛ ላይ እንጨት ለመቆጠብ አትስማሙ፣ ወንበሩን ሚያቆመው እሱ ነው። ቀበቶ ሚያልፍበት ቀዳዳም ከጅምሩ ያውጣለት፣ መቀመጫው ላይ ሁለት መደገፊያው ላይ ሁለት፣ ከፊት ደግሞ በእግሮቹ መሀል ሚቆም ያልሾለ እንጨት።

እንጨቱ ዋንዛ ከሆነ እሰየው፣ ካልሆነም በደንብ የደረቀ ይሁን፣ እርጥብ ባህር ዛፍ በጋ ሲመጣ ይጣመምና ወንበሩ በሦስት እግሩ ይቀራል። ቺፕውድ አይሁን፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል ይፈረፈራል፣ ኮምፔንሳቶ ለመቀመጫው ይሆናል። ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ክብ ተደርጎ ይለስልስ፣ ልጅ ጥርስ ሲያወጣ ጠርዙን ነው ሚግጠው። ስለዚህም ቀለሙ ያሳስባል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በ2018 በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣ ደንብ አለ፣ ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ (እርሳስ ሚባለው መርዛማ ብረት) ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይላል፣ ጣሳው ላይ ሊድ የለውም ሚል የተጻፈበትን አስገዙት፣ ከግድግዳ ቀለም የተረፈ፣ ከጋራዥ የመጣ የመኪና ስፕሬይ አይቀባ። የኔ ምርጫ ቫርኒሹ ስስ ሆኖ፣ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አየር ላይ ቆይቶ ነው።

ሲያስረክባችሁ ልጁን ወዲያው አታስቀምጡ። ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ መቀመጫው ላይ አስራችሁ ከአራቱም አቅጣጫ ግፉት፣ ያ 10 ኪሎ ነው፣ የዓመት ልጅ ያክላል። ትንሽ ገፋ ሲደረግ ካዘነበለ እግሩ ይሰፋ ብላችሁ መልሱለት፣ ጥሩ አናጺ አይቀየምም።

ጽዳት። ልጅ ምግቡን በቅቤና በእርድ ነው ሚበላው፣ ቢጫው ነጭ ፕላስቲክ ላይ አይለቅም፣ ፀሐይ ላይ ስታውሉት ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ፣ ጠቆር ያለ ወይ ግራጫ ትሬይ ግዙ ሰላም ታገኛላችሁ። ጨርቅ ልባስ ያለውን ደሴ ላይ ሁለት ጊዜ አስቡበት፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉም ወርዶ የልጁ ልብስ ራሱ ሦስት ቀን ሳይደርቅ፣ ማን የወንበር ስፖንጅ ያደርቃል፣ ያልደረቀ ስፖንጅ ደግሞ ይሻግታል። ውሃ በፈረቃ ሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ በአንድ እርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ሚያልቅ ልሙጥ ፕላስቲክ ወይ እንጨት ነው ሚያዋጣው። ኮምቦልቻ ከኛ ወደ 650 ሜትር ዝቅ ያለች ስለሆነች ሙቀት ነው ችግሩ፣ ላስቲክ መሰሉ ልባስ የልጁ ጭን ላይ ይጣበቃል ያልበዋል፣ ቀዳዳ ያለው መደገፊያ ወይ ሚነሳ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል። የቀበቶው ማሰሪያ ሚወልቅ ከሆነ በሳምንት አንዴ እጠቡት፣ ካልወለቀ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ ወተትና ገንፎ እዛ ነው ተደብቆ ሚሸተው።

ዎከርን ከዚ ጋር አታምታቱ። ብዙ ቤት ልጁ ጎማ ያለው ዎከር ውስጥ ሆኖ ነው ሚበላው፣ ትሬይ ስላለው ሃይ ቼር ይመስላል። አደለም። ደረጃና ቁልቁለት ባለበት ግቢ ዎከር ይዞት ነው ሚወርደው፣ ካናዳ በ2004 (በፈረንጅ) ሽያጩን ጭራሽ የከለከለችው በዚ ምክንያት ነው። እየተንቀሳቀሰ ሚበላ ልጅ ደግሞ ትን ይለዋል።

ወንበሩን የት ታስቀምጡታላችሁ ሚለውም ከመግዛት አያንስም። ከረከቦቱ ራቅ፣ የልጁ እጅ ከምትገምቱት በላይ ይደርሳል፣ ጀበና፣ ከሰል፣ ዘይት ምጣድ ሁሉ ልጁ እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት በላይ ይራቅ። ረመዳን ላይ በተለይ አፍጥር ሲደርስ ቤቱ ይጋጋላል፣ ትኩስ ሾርባው ትሪው ላይ ይሰፍራል፣ ሁሉም ዓይኑ ቴምሩ ላይ ነው፣ ያኔ ልጁ የሾርባው ጎን እንዳይሆን አንድ ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ግድግዳና ከባድ ጠረጴዛ በእግሩ ሊገፋ በሚችልበት ርቀት ላይ አይሁኑ፣ ግድግዳ ሲረግጥ ነው ወንበር ሚገለበጠው። መስኮት ስርና በረንዳ ጠርዝ አይሞከርም። ብቻውን ትታችሁት ደግሞ በር ልክፈት ብላችሁ አትሂዱ፣ ወይ ይዛችሁት ሂዱ ወይ ደዋዩ ይቆይ።

ቡና ሲፈላ ሰው እየዞረ ቆሎ ይሰጠዋል፣ ያው በፍቅር ነው፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻ ግን ለዚ ዕድሜ አይሆንም፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቢቀመጥም ያንቀዋል። አያቶችም "ስጪኝ እኔ ልጋተው" ይላሉ፣ ጭናቸው ላይ አጋድመው አጥሚቱን በእጃቸው ወደ አፉ ሲያፈሱ። አትጣሏቸው፣ ማንኪያውን ስጧቸውና "እማማ እስቲ እርሶ ያጉርሱት፣ ከርሶ እጅ ነው ሚበላው" ብላችሁ ወንበሩ ፊት አስቀምጧቸው፣ ልጁ አፉን ሲከፍት ያጎርሱታል፣ ፊቱን ሲያዞር ያቆማሉ፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

መቼ ይቆማል ከተባለ፣ 15 ኪሎ ሲያልፍ፣ ወይ ከዛ በፊት ቀበቶውን ፈቶ በራሱ መውጣት ሲጀምር ረጅሙ ወንበር አበቃ፣ ትሬዩን ነቅላችሁ ወደ አጭሩ ወይ ወደ ጠረጴዛው አምጡት። ለሦስት ዓመት ልጅ ጎኑ ያልሾለ በርጩማ ከትሪው አጠገብ ይበቃዋል። ወንበሩን ለእህት ወይ ለጎረቤት ስታስተላልፉት የፈታችሁትን እግር፣ ብሎኖቹንና መፍቻውን በፌስታል ቋጥራችሁ መቀመጫው ስር እሰሩት፣ መመሪያውንም አብራችሁ።